አያቴና ቅጹ

ባለፈው ክረምት አያቴን ይዤ ቦንጋ ከሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ቅጹን እየሞላሁላቸው «አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኳቸው። እሳቸውም በካፊኖኖ «ጣሊያን የወጣ ጊዜ ጥጃ እጠብቅ ነበር» አሉ። የሰማው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ጥጃ ጠባቂ ስድስት ዓመት ይሆነዋል ብዬ አሰላሁና «90» ጽፌ ተገላገልኩ።

እቤት ስንገባ ቡና ተፈላ። የመጀመሪያው ስኒ እንደ ወጉ ለእሳቸው ተሰጠ። ተቀብለው «ልጄ፣ ቁጥሩን ጻፍክ፤ ከጥጃው በኋላ ያየሁትን ግን አልጠየቅኸኝም» አሉኝ። ምን ልበላችሁ፣ አንገቴን ደፋሁ።

እርጅናን ሕዝቦች በየወጋቸው ያከብሩታል። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሰው በየስምንት ዓመቱ ከእርከን ወደ እርከን ይሸጋገራል፤ ሥልጣኑን ያስረከበውም አማካሪ ይሆናል። ጃፓኖች ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአረጋውያን ቀንን እንደ ብሔራዊ በዓል ያከብራሉ። እኛ ደግሞ ከመቀመጫችን እንነሳለን፤ የመጀመሪያውን ስኒ እንሰጣለን። ደግ ነው። ግን ተነስተንላቸው ሳናነጋግራቸው ብንሄድ ምን ዋጋ አለው?

ነገ አስተማሪዎች ነን። ተማሪው ስለ አገሩ ሲጠይቀን በመጽሐፍ የሌለውን ከማን እናገኛለን? እኔማ አሁን እቤት በሄድኩ ቁጥር ደብተር ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ጆሯቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን ገና ከጥጃው አልወጣንም። እናንተስ፣ ያያቶቻችሁን ጠይቃችኋል?