ከጓሳ ደጋ ላይ፤ የዓሣና የአይብ ፓስታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መንገደኛ፥ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሳይወርድ ወደ ግራ ቢታጠፍ ወደ መሐል ሜዳ የሚያደርሰውን የመንዝ መንገድ ያገኛል። በዚህ መንገድ ላይ፥ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው ደጋ ጓሳ ይባላል። ስሙን ያገኘው ምድሩን ከሸፈነው ከጓሳ ሣር ነው፤ ሣሩም ለቤት ክዳን፥ ለገመድና በዝናብ ጊዜ ለሚለበሰው ለጌሳ ያገለግላል። ከዚህ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውሃ በጀማ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል፥ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮው ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ ይህ ግን የቤተ ሰብ ዐምድ ነውና እኛ ዛሬ ስለ ድስት እንናገራለን።

በከተማ ቤት እንግዳ ድንገት ሲመጣ የሚሠራ አንድ ምግብ አለ። ፓስታ ይቀቀላል፥ በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ ይጨመርበታል፥ አይብ ወይም ፎርማጆ ይደባለቅበታል፥ በግማሽ ሰዓትም ውስጥ ማዕዱ ይቀርባል። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ላይ ያደረሱት ግፍ የማይረሳ ሲሆን፥ ፓስታቸውን ግን የከተማችን ሰው ከቂሙ ለይቶ አስቀርቶታል። የምግቡ ባለቤቶች እንኳ በዓሣ ላይ አይብ መነስነስን እንደ ነውር ይቈጥሩታል ይባላል፤ ይህን ክርክር ለእነርሱ እንተወዋለን። የዝዋይና የሐይቅ ትኩስ ዓሣ እስከ መንዝ ድረስ በመኪና ሲንገላታ ይበላሻልና፥ ወደ ጓሳ ለሚሄድ ሰው የሚሻለው በቆርቆሮ ያለው ቱና ነው።

አሁን ችግሩን እንንገር። የፓስታው ማሸጊያ «10 ደቂቃ ይቀቀል» ይላል። ይህን ያስጻፈው ሰው ግን በቆላ የሚኖር መሆን አለበት። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ላይ 300 ሜትር በተወጣ ቍጥር የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ በ92፥ በጓሳ በ89 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም የሚሆነው አየሩ ሲሳሳ በውሃው ላይ የሚጫነው ክብደት ስለሚያንስ ነው። እንፋሎቱን አይቶ ድስቱ በርትቷል የሚል ሰው ይታለላል፤ እሳት ቢጨምርበትም ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ ወዲያ አይግልም። 10 ደቂቃ የተባለውም ወደ 15 ይጠጋል።

በአንድ የመንዝ ቤት ባረፍን ጊዜ የቤቲቱ እመቤት ይህን ሁሉ ትምህርት በአንድ ቃል ጨረሱልን። «ጌቶቼ፥ እዚህ አገር ድስት ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አይበስልም» አሉ። የዓሣውንም ቆርቆሮ አገላብጠው አይተው፥ «ይህስ ከባሕር ወጥቶ እስከዚህ የደረሰ፥ ከእናንተ ይልቅ እርሱ ደክሟል» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ወደ ማዕዘኑ ተመልክተው የቀረውን ኩበት በዐይናቸው ሲቈጥሩ አየናቸው። የገብስ እንጀራ የሚጋግሩበት እርሱ ነበረ።

በጓሳ ዙሪያ እሳት ርካሽ ነገር አይደለም። ኩበቱ ለማሳው ፍግ በሆነ ነበር፤ ቁጥቋጦውም የሚቈረጠው ከደጋው ላይ ነው። ይህን ደጋ የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውት ኖረዋል፤ ሣሩ እንዲያገግም አንዳንድ ጊዜ እስከ 3 እና እስከ 5 ዓመት ድረስ ከከብትም ከማጭድም ይዘጉት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ ፈረሰ፥ ሣሩና ቁጥቋጦውም ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይወሰድ ጀመር። ኋላ ነዋሪው ራሱ ኮሚቴ አቁሞ ጥበቃውን መለሰው። እኛ በችሎት የድንበርና የግጦሽ ክርክር ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነንና፥ ያለ ከሳሽና ያለ ተከሳሽ ይህን ያህል ዘመን የተጠበቀ መሬት እጅግ ያስደንቀናል። ስለዚህ ከከተማ የመጣ እንግዳ አንድ ትልቅ ድስት ውሃ ጥዶ የቤቱን ኩበት በፓስታ ቢጨርስ ደግ አይሆንም።

በአዲስ አበባ የመብራት ኀይል በሚቋረጥበት ቀን ወይዛዝርት የሚያውቁት ዘዴ እዚህ ያገለግላል። ፓስታ ሲቀቀል ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ውሃ ይጠጣል፥ ደግሞም ይበስላል። ውሃ ለመጠጣት ግን እሳት አያስፈልገውም። ለአራት ሰው 400 ግራም ፓስታ በሰፊ ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሰዓት ያህል ቢዘፈዘፍ ነጭቶ ይለሰልሳል። እመቤቲቱም በዚያ ጊዜ እንጀራቸውን ጋግረው ጨረሱ፤ ምጣዱ ሲወርድ የቀረው ፍም ለእኛ በቃን።

በዚያ ፍም ላይ አንድ ራስ ሽንኩርት ተከትፎ በጥቂት ዘይት ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ቲማቲም ይከተሉ። ከሁለት ቆርቆሮ ዓሣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ይግባበት። የተዘፈዘፈው ፓስታ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር በዚያው ስጎ ውስጥ ተጨምሮ፥ ድስቱ ተከድኖ፥ እየተማሰለ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። ዓሣው ጨው ያለበት ነውና ሳይቀምሱ ጨው መጨመር አያስፈልግም።

አይቡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አይብ የሚወጣው ኮምጣጣው አሬራ ሲሞቅ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ በሙቀት ረግቷልና እንደ ፎርማጆ አይቀልጥም፥ አይሳብም፤ እሳት ላይ ቢቆይ ይደርቅና እንደ አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ አይብ ከድስቱ በተቀዳ ትኩስ መረቅ በማንኪያ ተፈትፍቶ ከላላ በኋላ፥ ድስቱ ከጉልቻ ሲወርድ ብቻ ይደባለቅ። የፓስታው ዱቄት በመረቁ ውስጥ አለና ሁሉንም ያያይዘዋል። ፎርማጆ ያለው ሰው ጥቂት ፍቆ ቢጨምር አንጣላውም። በመጨረሻ ቁንዶ በርበሬና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ይከተሉታል።

ቀኑን መምረጥ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ዓሣን በጾም የሚበላ አለ፥ የማይበላም አለ፤ ይህን የንስሐ አባት ይፍረደው። አይብ ግን ያለ ክርክር የፍስክ ምግብ ነው። በፍስክ ቀን ደግሞ መንዜ በጉን ትቶ ለዓሣ አይጓጓም። ስለዚህ ለዚህ ምግብ የሚመቸው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አይጾሙም፥ ሰውም ከፋሲካው ሥጋ ጥቂት ማረፍ ይወዳል። እኛም የሠራነው በዚያ ወራት በረቡዕ ቀን ነበር።

ማዕዱ ሲቀርብ እመቤቲቱ ሹካውን ተቀብለው ጥቂት አዩትና መልሰው አስቀመጡት። ትኩሱን የገብስ እንጀራ ቈርሰው፥ ፓስታውን ከዓሣው ጋር ጠቅልለው ጐረሱ፤ ሚጥሚጣም አስመጡ። ሁለተኛውን ጠቅልለው ለእኛ አጐረሱን፤ እኛም ሹካችንን አስቀመጥን።