ጓዳው የት ገባ?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ሕንፃ ንድፍ ሲጽፉ አንባቢ ፈገግ እንደሚል እናውቃለን። «እነዚህን ደግሞ ምን አገባቸው?» የሚለንም አይጠፋም። ለነገሩ እውነት አለው። ከመካከላችን የአጥር ንድፍ እንኳ ሠርቶ የሚያውቅ የለም። ኮምፒዩተሩንም የምናስታውሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስብን ነው። ይሁንና ነገሩን ስንከታተለው መጨረሻው አንዲት ቃል ላይ አረፈ፤ የቃል ጉዳይ ከሆነ ደግሞ እኛንም ያገባናል። ቃሏ «ጓዳ» ናት።

ከሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ጋር የቆየ ወዳጅነትም ፉክክርም አለን፤ እነሱ ሲሠሩ ያድራሉ፣ እኛ ስንከራከር እናድራለን። ባለፈው ሴሚስተር ከነሱ አንዱ፣ እንጀራ እየጋገሩ ለሚሸጡ አንዲት እናት የሚሆን ቤት እንዲነድፍ ታዘዘ። ልጁ ትጉህ ነው። ሴትዮዋ ያሉበት ድረስ ሄዶ፣ ቡናቸውን ጠጥቶ፣ ቤታቸውን በሜትር ለክቶ፣ በደብተሩ ላይ በእርሳስ ነድፎት መጣ። ደብተሩን እየተቀባበልን አየነው። ከፊት አንድ ክፍል አለ፤ ከዚያ መጋረጃ፤ ከመጋረጃው በስተጀርባ ምጣዱ፣ ቡሃቃው፣ የጤፉ ጆንያ፣ የትንሿ ልጅ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የጎረቤት ሴቶች ሲመጡ የሚቀመጡባት አግዳሚ። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ከቦ በመሐሉ «ጓዳ» ብሎ ጽፎበታል።

ከሳምንት በኋላ በኮምፒዩተር ተሠርቶ ታትሞ ስናየው መጋረጃው ግድግዳ ሆኗል። ምጣዱ የለም፤ አግዳሚዋም የለችም። «ጓዳ» የነበረበት ቦታ ላይ በእንግሊዝኛ «ስቶር» ተብሎ ተጽፏል። እንዴት ነው ነገሩ? አልነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቃሏን በአማርኛ ሲጽፍ አውቶካድ «??» አድርጎ አሳየው። ሁለት ፊደል፣ ሁለት የጥያቄ ምልክት። ፕሮግራሙ ከድሮ ጀምሮ ይዟቸው የመጣው የራሱ ፊደላት ግዕዙን አያውቁትም። የፊደሉን ዓይነት ቢለውጠው ይጽፍለት ነበር፤ ይህንንም ልጁ ያውቃል። ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ማስረከቢያው ጧት ነው፣ ቢጽፈውስ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ምን ሆኖ እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ምጣዱንም ቢሆን ፈልጎት ነበር። አልጋው፣ ሶፋው፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳው፣ መኪናው ሳይቀር አስቀድሞ ተሥሎ ተቀምጧል፤ ጠቅ ስታደርገው ይመጣል። ምጣድ ግን የለም። አንድ ክብ ሠርቶ ሊያስገባው ይችል ነበር፤ አልሠራም። መምህሩም አልጠየቁትም።

ወቀስነው። መልሱን እናንተም ሳትገምቱት አትቀሩም፦ «መሣሪያ እኮ ነው። እርሳስም መሣሪያ ነው። ጥፋተኛ ካላችሁ እኔን በሉኝ፤ ኮምፒዩተሩ ምን አደረጋችሁ?»

ይህ መልስ የተለመደ ነው፤ ሲሰሙት ደግሞ ልክ ይመስላል። እኛን ግን አልዋጥልን አለ። እውን እርሳስና ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት መሣሪያ ናቸው ወይ? ብለን ወደ ኋላ ሄደን ማንበብ ጀመርን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በኮምፒዩተር መሣልን ከጀመሩት መካከል ዋነኛው አይቫን ሰዘርላንድ ነው። በ1963 በኤም አይ ቲ ለዶክትሬቱ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም፣ በማሽኑ መስታወት ላይ በብርሃን ብዕር ያሥል ነበር። ሰውን ያስደነቀው ታዲያ መስመሩ መሠመሩ ብቻ አልነበረም። ሁለት መስመሮችን «ትይዩ ሁኑ» ብለህ ካዘዝካቸው ትይዩ ይሆናሉ፤ እኩል ሁኑ ካልካቸው እኩል ይሆናሉ። አንድ ዋና ሥዕል ሠርተህ መቶ ቦታ ብታባዛው፣ ዋናውን ስትለውጠው መቶዎቹም አብረው ይለወጣሉ። ሰዘርላንድ ራሱ በ1975 ባወጣው ጽሑፍ ልዩነቱን ሳያድበሰብስ አስቀምጦታል፦ እርሳስና ቀለም በወረቀት ላይ እድፍ ከመተው ያለፈ ነገር አያውቁም፤ የኮምፒዩተር ሥዕል ግን በውስጡ ሥርዓት አለው፣ ጥቅሙም የሚመነጨው ከዚያው ሥርዓት ነው ይላል። እንግዲህ «አንድ አይደሉም» ያልነው እኛ አይደለንም፤ ባለቤቱ ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እርሳስ አይጠይቅህም። ክብ ሠርተህ «ይህ ጓዳ ነው» ብትለው ወረቀቱ «ጓዳ ምንድነው?» አይልህም፣ ዝም ብሎ ይቀበልሃል። ኮምፒዩተሩ ግን መጀመሪያ ማወቅ ይፈልጋል፦ ይህ ምንድነው? ከየትኛው ወገን ይመደባል? የማያውቀውን ነገር አይከለክልህም፣ ያደክምሃል እንጂ። የሚያደክም ነገር ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይተዋል። አንድ ጊዜ ይተዋል፣ ሁለት ጊዜ ይተዋል፣ በሦስተኛው ጭራሽ አይታሰብም።

ጓዳን ለመመደብ እስቲ ሞክሩ። ማድ ቤት ነው እንዳይባል ሰው ይተኛበታል። መኝታ ቤት ነው እንዳይባል እህል ይቀመጥበታል። ዕቃ ቤት ነው እንዳይባል፣ ሰው ሲቀየም ተጠርቶ የሚመከረው፣ ለልጅ የማይነገረው የሚነገረው፣ ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ሳሎን የተቀመጠው እንዳይሰማ የሚያለቅሱት እዚያ ነው። «ጓዳዬን ያውቀዋል» ስንል የክፍሉን ስፋት ያውቃል ማለታችን አይደለም።

ይህን ጉዳይ ከእኛ አስቀድሞ የተጨነቀበት ሰው አለ፤ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር ይባላል፤ የሂሳብም የሥነ ሕንፃም ምሩቅ ነው። በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ 600 ሰው የሚኖርባትን አንዲት የሕንድ መንደር ምሳሌ አድርጎ፣ የመንደሯን ፍላጎት በ141 ነጥቦች ዘርዝሮ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ መዝግቦ፣ በኮምፒዩተር እገዛ እየከፋፈለ በቡድን በቡድን ያስቀምጠዋል። ክፍፍሉ እንደ ዛፍ ነው፤ ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ ቀንበጥ። እያንዳንዷ ፍላጎት አንድ ቀንበጥ ላይ ብቻ ትንጠለጠላለች። መቸም ሥራው የሚናቅ አይደለም፤ ከመንደሩ ሰው ኑሮ መነሣቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ዓመት ሳይቆይ፣ በ1965፣ ያው ሰው «ከተማ ዛፍ አይደለችም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ምሳሌው ከበርክሊ ከተማ የተወሰደች አንዲት የመንገድ ማዕዘን ናት፦ ሱቅ አለ፣ ከበሩ ላይ የጋዜጣ መደርደሪያ አለ፣ ከፊቱ የትራፊክ መብራት አለ። መብራቱ ቀይ ሲሆን የቆመው እግረኛ ጋዜጣውን ያነባል፤ አንዳንዱም ይገዛል። መብራቱ የትራፊክ ነው፣ መደርደሪያው የንግድ ነው፤ በዛፍ ክፍፍል አይገናኙም። በኑሮ ግን ተገናኝተዋል። ከተማ የሚኖረው በእንዲህ ያለ መደራረብ ነው ይላል አሌክሳንደር። የ1964ቱ መጽሐፍ በ1971 እንደገና ሲታተምም አዲስ መቅድም ጽፎለት፣ የንድፍ ዘዴን ከንድፍ ነጥሎ ሳይንስ ማድረጉን በግልጽ ተቃወመ። ጽሑፉን ስናነብ የበርክሊው ማዕዘን አልታየንም፤ የታየን ጓዳ ነው። ጓዳ ማለት መደራረብ ማለት እኮ ነው።

በዚያው ዘመን የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ስናነበው ሳቅንም፣ አዘንንም። በ1970 በኒውዮርክ የአይሁድ ሙዚየም «ሶፍትዌር» በተባለ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው የኤም አይ ቲ ቡድን «ሲክ» የሚባል ሥራ አቀረበ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ፣ ጎናቸው 2 ኢንች የሆነ ኩቦች ተደርድረዋል፤ ይህ ከተማው ነው። ነዋሪዎቹ ጀርቢል የሚባሉ የበረሃ አይጦች ናቸው። ከላይ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የብረት ክንድ አለ። አይጧ ኩቡን ጥቂት ከገፋችው ክንዱ መልሶ ያስተካክለዋል፤ ብዙ ከገፋችው ግን «ፈልጋ ነው» ብሎ ኩቡን ባስቀመጠችበት አካባቢ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ሐሳቡ ነዋሪውን የሚያዳምጥ ሕንፃ መሥራት ነበር። ግን አይጧ ስትሮጥ ጭራዋ ነክቶት ይሁን፣ ፈርታ ይሁን፣ ከጓደኛዋ ስትጣላ ይሁን፣ ለማሽኑ ሁሉም አንድ ነው፤ የሚያየው የኩቡን መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ይልቅ ግድግዳ የቀለለው ወዳጃችን ትዝ አለን። እሱ እንኳ ቡና ጠጥቶ ነበር የመጣው።

አሁን ያሉት ፕሮግራሞች ከነዚያ በብዙ እጥፍ የበለጡ ናቸው፤ መጠየቃቸው ግን ባሰ እንጂ አልተወም። ሬቪትን የመሰሉት ላይ ግድግዳ ሁለት መስመር አይደለም፤ «ግድግዳ» ነው፣ ውፍረት አለው፣ የተሠራበት ነገር ይታወቃል። በር ለማስገባት መጀመሪያ ግድግዳ ያስፈልግሃል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ብሎኬቱ ይቆጠርልሃል፣ ዋጋው ይሰላልሃል፣ አንዱን ስታስተካክል ሌላውም ይስተካከላል። በእጅ በሚሣልበት ዘመን በቀለም የተሳሳተውን በምላጭ እየፋቁ ያደሩት ታላላቆቻችን ይህን ቢያገኙ እልል ይሉ ነበር። እኛም ወደዚያ እንመለስ አንልም። ነገር ግን እዚያ ውስጥ መጋረጃ ፈልጉ እስቲ። በእንግሊዝኛ መጋረጃ የሚል ስም ያለው አንድ ነገር ቶሎ ይመጣላችኋል፤ «ከርተን ዎል»፣ ማለትም ቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ የቆመው የመስታወት ግድግዳ! የእማማን መጋረጃ ጠይቀህ የባንክ ፊት ይሰጥሃል።

«ታዲያ ማሽን ምን ያድርግ፣ አይችልም እኮ» የሚለንን ግን አንቀበለውም። ይችላል። በ1997 በስፔን ቢልባኦ ከተማ የተከፈተውን የጉገንሃይም ሙዚየም እዩት። ፍራንክ ጌሪ ቅርፁን ይሠራ የነበረው በእጅ፣ በወረቀትና በእንጨት ሞዴል ነው፤ ያንን የተጠማዘዘ ቅርፅ ያኔ የተለመደው የሕንፃ ሥዕል አይችለውም። ስለዚህ ቢሮው የፈረንሳዩ ዳሶ ለአውሮፕላን ሥራ ያዘጋጀውን ካቲያ የተባለ ፕሮግራም አምጥቶ ለሕንፃ አዋለው። ማሽኑ የማያውቀውን እንዲያውቅ ተደረገ፤ ምክንያቱም የጠየቀ ሰው ነበር፣ ለጥያቄውም የሚከፍል ነበር። የታይታኒየም ልብስ የለበሰ ጥምዝ እንዲገባው የተደረገ ማሽን አንድ የጨርቅ መጋረጃ እንዴት አይገባውም? ጓዳ ያልገባው ከብዶት ሳይሆን ጠያቂ አጥቶ ነው።

ጉዳዩ የአንድ የቤት ሥራ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባልፈጀን። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባለ ስንት መኝታ ነው?» ተብሎ ነው። ቤት የሚቆጠረው በመኝታ ሆኗል። ለፍርድ እንዲመች የሚባለው ይባል፤ ለእርድና ለመጋገሪያ እንዲሆን ከሕንፃዎቹ አጠገብ የጋራ መገልገያ ቤት ታስቦበታል። ግን ይኸው ዛፍ ነው፦ መኝታው እዚህ፣ ምጣዱ እዚያ፣ በመካከሉ ደረጃ። ሊጡን ተሸክማ አራት ፎቅ የምትወርደው ሴት በየትኛው ቀንበጥ ላይ ናት? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳን የመሰሉ የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ በዓይናችን አይተናል። መፍረሱ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። እኛ የምንጠይቀው፦ የፈረሰው ቤት ጓዳ በየትኛው ሥዕል ላይ ተመዝግቧል? በአዲሱ ሥዕል ላይስ በምን ስም ይገባል?

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ጓዳ የድህነት ነው፣ የሴት እስር ቤት ነው፣ ቢቀር ምን አለበት?» ይሉናል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ከመካከላችን ሁለቱ ሴቶች በዚሁ ላይ ከቀረነው ጋር አልተስማሙም፣ ጭሱን የምታውቁት እናንተ አይደላችሁም ብለውናል። ይቅር ከተባለም ይቅር። ግን የሚቀረው ሰዎች ተከራክረውበት፣ እንጀራ ጋጋሪዋም ተጠይቀው ይሁን። ፊደሉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ስላስቸገረ አይሁን።

ለማንኛውም እኛ አንድ ነገር ጀምረናል። የቤት ክፍልና የዕቃ ስሞችን እየሰበሰብን ነው፤ እስካሁን እልፍኝ፣ ጓዳ፣ ማጀት፣ መደብ፣ ደጅ፣ ቆጥ፣ ጎተራ፣ ሌማት፣ ረከቦት፣ ምጣድ ደርሰውናል። ከሥነ ሕንፃ ተማሪዎቹ ሦስቱ ስሞቹን በአማርኛ ፊደል ከነሥዕላቸው አዘጋጅተው፣ እንደ አልጋውና እንደ ሶፋው ጠቅ ሲደረግ የሚመጡ ሊያደርጓቸው ተስማምተዋል። በያላችሁበት አገር የሚባለውን ስም በወረቀት ጽፋችሁ በቡለቲኑ ሣጥን ጨምሩልን። ስም ብቻ ግን አይበቃቸውም፤ ወርድና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ጻፉ፣ የምጣዱንም ከነምድጃው።