ተሰማ እሸቴን በእንጦጦ ስለ መስማታችን

ባለፈው ቅዳሜ በማለዳ ከየካ ሠፈራችን ተነሥተን በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ተራራ ወጣን። አብራን የወጣችው ታላቋ ልጃችን ናት። ከአንድ ወዳጇ የተዋሰችውን መሰንቆ በነጠላ ጠቅልላ በትከሻዋ ይዛለች፤ በቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ የአባት ፊርማ የጎደለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ማመልከቻ አለ። ይህንን ወረቀት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳንፈርምበት አቆይተነው ነበር። በፍርድ ቤት የሰውን ሁሉ ወረቀት ስንጽፍና ስንፈርም የምንውል ሰዎች የገዛ ልጃችንን ወረቀት መፍራታችን ባለቤታችንን ሲያስቃት ሰነበተ።

አቀበቱ ጕልበት ይፈትናል። በመንገድ ላይ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎብጠው ቍልቍል ሲወርዱ ባየን ጊዜ ከመንገዱ ፈቀቅ ብለን አሳለፍናቸው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አገር ምድሩ በማገዶ ፍለጋ ስለ ተራቈተ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ዛሬም ሸክሙ ከሴቶች ጀርባ ገና አልወረደም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑባት ከእንጦጦ ማርያም በደረስን ጊዜ ተሳልመን፣ ከቅጽሩ ወጣ ብለን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ልጃችንም፣

«አባባ፣ እስቲ ይህን ይስሙልኝ» ብላ ስልኳን ከፈተች።

የመጣው ድምፅ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበር። እኒህ ሰው በምንጃር ተወልደው፣ በ1900 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው፣ እዚያ በቈዩበት ጊዜ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ናቸው። ከኢትዮጵያ ዘፋኞች ድምፁ በሸክላ ታትሞ ለገበያ የወጣ ከእርሳቸው የቀደመ የለም። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ያው ዜማ በፈረንሳይ አገር «ኢትዮጲክ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ሆኖ እንደ ገና ወጣ። ነጋድራስ ተሰማ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ስለ ነበሩ፣ ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ እርሳቸውም ከክብራቸው ወረዱ። ግጥማቸው ግን አልወረደም፤ ሰው በቃል ሲቀባበለው ኖሮ፣ ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ፣ ያ የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ የነበረው፣ «ሰምና ወርቅ» በሚባል መጽሐፍ ሰበሰበው።

ድምፁ የሸክላ ሹክሹክታ አለበት፤ መርፌው ሲፍቀው ዝናም በቆርቆሮ ላይ እንደሚያካፋ ይመስላል። ከዚያ በታች ግን አንዲቱ የጭራ ጅማት ትጮኻለች፤ ቃሉም በቅኔ ቤት እንደ ተማርነው ሁለት ፊት አለው። ሰሙን ሰምተን ስንስቅ፣ ወርቁ ዘግይቶ ይደርሰናል። ስማቸው ራሱ ቅኔ አይደለምን?

እውነቱን እንናገር። አዝማሪ ስንል ያደግነው በንቀት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የባዕድ አገር መዝሙር በኦርጋን እየታጀብን ስንዘምር አላፈርንም ነበር፤ መሰንቆ ግን በልጃችን ትከሻ ላይ ባየን ጊዜ ጎረቤት ምን ይለናል ብለን በር ዘጋን። ቅኔ በመምህር አፍ ሲሆን ማዕርግ፣ በአዝማሪ አፍ ሲሆን ነውር የሚሆነው በየትኛው ሕግ እንደ ሆነ፣ ሕግ ስንገለብጥ የኖርን ሰዎች ልናገኘው አልቻልንም።

«ይፈርማሉ ወይ?» አላለችንም። ነጠላውን ፈትታ፣ ጅማቱን አጥብቃ፣ የሰማነውን ዜማ ለመከተል ሞከረች። ሁለት ጊዜ ሳተች፤ በሦስተኛው ቀና። አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሸክሟን በድንጋይ ላይ አሳርፋ ቆማ ሰማች፤ «ተባረኪ ልጄ» ብላም ሄደች።

ቍልቍለቱን ጨርሰን የካ ሚካኤል አጠገብ በደረስን ጊዜ ወረቀቱን አምጪ አልናት። የምናስደግፍበት ብናጣ በመሰንቆው ገበታ ላይ ዘረጋነው።

«ቀስ ይበሉ አባባ» አለችን፤ «ብዕሩን ሲጫኑት ቆዳው እንዳይበሳ።»