ወሬው የመቼ ነው?

ጠቡ የተነሳው ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ ስንሄድ፣ አፍዴራን አልፈን አስፋልቱን ከለቀቅን በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ያለውን መንገድ አልጽፈውም፤ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሰመራ እያለ በአስፋልት የሚነጉድ ሰው የሚያየው የከባድ መኪና ጀርባ ነው። ሰርዶ ላይ ብቻ ሻይ ለመጠጣት ወርደን ነበር። በ1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳት ከተማ ናት። በልጅነቴ አባቴ በሬዲዮ የሰማውን ሲያወራ ስሟን ስለያዝኩ፣ ብርጭቆዬን ይዤ ዙሪያውን ስቃኝ ቆየሁ። ጓደኛዬ ግን ይቸኩል ነበር። ታብሌቱ የመድረሻ ሰዓት ነግሮታል።

መኪናችን አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። የፊት መስታወቱ ላይ የጓደኛዬ ታብሌት ተለጥፏል። ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰናዳው ነው የከረመው፤ የአፋርን ካርታ ኔትወርክ በሌለበትም እንዲከፈት አውርዶ፣ ከእኛ በፊት የሄዱ ሰዎች የቀዱትን የጉዞ መስመር ጭኖ፣ የቆዩ የወረቀት ካርታዎችን ፎቶም ጨምሮበት። ሲገዛውም ተጠንቅቋል። ዋይፋይ ብቻ ያላቸው አይፓዶች የጂፒኤስ መቀበያ ስለሌላቸው ሲም የሚወስደውን መርጧል። መቀበያው ካለ በረሃ ላይ የስልክ ኔትወርክ ባይኖርም ችግር የለም። ሳተላይቶቹ ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ታብሌቱ የአራቱን ምልክት ካገኘ የቆመበትን ቦታ ያሰላል። ይህ ነገር ዛሬም ይገርመኛል። በዚሁ ምድር ኔስቢት የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከሁለት ጣሊያኖች ጋር፣ በ1920 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲያቋርጥ ወራት ፈጅቶበታል። አሁን በጣት የሚነካ ሰማያዊ ነጥብ "እዚህ ናችሁ" ይላል።

ከወረቀቶቹ ካርታዎች ጋር ግን ነጥቡ አልተስማማም። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል፣ በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ባለ የቅየሳ ነጥብ ላይ ተመሥርተው ነው። የጂፒኤስ መነሻ ደግሞ ሌላ ነው። ልዩነቱን ያላስተካከለ ሰው ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋል። በሜዳ ላይ ምንም አይደል፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን ብዙ ነው።

መሪያችን የአፋር ወጣት ነበር። ወደ ኤርታሌ ያለ አካባቢው ሰው መሄድ ደንቡም ልማዱም አይፈቅድም። የተቀመጠው ግን ከኋላ፣ በውኃ ጀሪካንና በፍራሽ መካከል ተጣብቆ ነው። የፊቱን ወንበር ጓደኛዬ ይዞታል። ደስ ስላላለኝ ተናገርኩ። "ከኋላ ስክሪኑ አይታየኝም" አለኝ።

ሰፊ፣ የነጣ ሜዳ ጫፍ ስንደርስ ሹፌራችን ፍጥነት ቀነሱ። በሃምሳዎቹ ያሉ፣ ከሚናገሩት የሚያዩት የሚበዛ ሰው ናቸው።

"ቀለሙ አላማረኝም" አሉ።

"ጋሼ፣ መስመሩ በመሃል ነው የሚያልፈው። ይኸው፣ መኪና አልፎበታል።"

"መቼ?"

"አልፎበታል እኮ ነው የምልዎት።"

"መቼ አለፈ ነው የምልህ፣ ልጄ።"

መልስ አልነበረም። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቀኑ ተራግፏል። በክረምት ይለፉ በበጋ፣ አምና ይሁን የዛሬ አምስት ዓመት፣ ደርቆ ይሁን ረጥቦ የሚናገር አንድ ቃል የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀይ መስመር ብቻ ነው፣ ያውም በጣም ቀጥ ያለና በጣም እርግጠኛ። እኔን ያናደደኝ እርግጠኝነቱ ነው። ጓደኛዬ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ሰዓት፣ የመኪናውን ኪራይ ማን እንደከፈለ ተናገረ። የመጨረሻው ሹፌራችንን አስከፋቸው። ፎር አስገቡና ምንም ሳይሉ ነዱ። ከኋላ የተቀመጠውን ልጅ ማንም አልጠየቀውም።

ጥቂት መቶ ሜትር እንደሄድን የፊት ጎማዎቹ የመሬቱን ቅርፊት ሰብረው ገቡ። ላይ ላዩ የደረቀና የተሰነጣጠቀ፣ ከሥሩ ግራጫ ጭቃ ነው። ዕቃ አወረድን፤ የጎማ ነፋስ ቀነስን፤ አካፋ ተቀባበልን። ጭቃው አካፋው ላይ ይጣበቃል፤ በእጅ ካልተላጠ አይወርድም። በዚህ መሃል ታብሌቱ የሙቀት ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ጠፋ። ብዙዎቹ የሚሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ነው፤ አፋር ላይ ያ ገና በጠዋቱ ይታለፋል። ከመስታወት ሥር፣ ፀሐይ ፊት ለፊት መስቀል አይገባም ነበር። የመኪናው ኤሲ የሚነፍስበት ጋ ቢታሰር ይሻለዋል።

ግመል የሚነዳ ሰው ከሩቅ ብቅ አለ። ጊሌ የሚባለውን ጩቤ ታጥቋል፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሟል። መሪያችን አካፋውን አስቀምጦ ሄደ። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እጅ ተሳስመው ቁጢጥ አሉ። ከዚያ ወሬ ጀመሩ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፣ በየመሃሉ አጭር ድምፅ እያሰማ መከታተሉን ይገልጻል፤ ደግሞ ይቀያየራሉ። አንዱ የሌላውን አፍ አይነጥቅም።

"አሁን የወሬ ሰዓት ነው? መጥተው አያግዙንም?" አለ ጓደኛዬ።

"ዳጉ ነው። ተዋቸው" አሉ ሹፌራችን፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

ስለ ዳጉ ብዙ ተጽፏል፤ የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አያልፍም ይባላል። ቀርቤ ሳየው የያዘኝ ሌላው ነገር ነው፤ የጥያቄው ጥብቀት። ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከማን ሰማህ? መቼ? ውሸት ያወራ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይጠየቅበታል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሳር የት እንዳለ፣ ማን እንዳለፈ፣ ሰላም ስለመኖሩ የሚነገረው በዚህ ወንፊት አልፎ ነው። ከብቱን ይዞ የሚሰደድ ሰው ቀን የሌለው ወሬ ይዞ ቢሄድ ከብቱ ያልቅበታል። እኛ ግን ሹፌራችን የጠየቁት ያ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ነው ሜዳው ውስጥ የገባነው።

መሪያችን ተመልሶ ነገረን። ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፉ ወርዶ እዚህ ሜዳ ላይ ተኝቷል፤ ሰውየው ራሱ አይቶታል። ከትናንት በስቲያ ሁለት መኪና በምሥራቅ፣ በግራር ዛፎቹ በኩል ዞረው አልፈዋል፤ ይህን ያየው ወንድሙ ነው። "ይሄን ሜዳ ሳየው ጠርጥሬ ነበር" አለ ልጁ ቀስ ብሎ። ለምን ዝም እንዳለ አልጠየቅኩትም። መልሱ ያስቀመጥነው ቦታ ላይ ነበር።

ሰውየው ግመሎቹን ትቶ ገፋልን። ስንወጣ ሹፌራችን የፊቱን በር ከፍተው "ና፣ እዚህ ግባ" አሉት መሪውን። ጓደኛዬ በእርጥብ ጨርቅ ቀዝቅዞ ዳግም የተከፈተውን ታብሌት ይዞ ከኋላ ገባ፤ እስከ ግራሮቹ ድረስ አልተናገረም።

ከግራሮቹ ወዲያ ያለው አሸዋና ጥቁር ድንጋይ ሰውነት የሚያደቅ ነበር፤ ሌላ የማስታውሰው የለም። ተራራው አናት ላይ ታብሌቱን ስናይ፣ የተጫነው የሳተላይት ፎቶ በ2009 ዓ.ም. ጥር የተራራው ጎን ተሰንጥቆ ቅልጥ ዐለት ከመፍሰሱ በፊት የተነሳ ነበር። ፎቶው ግራጫ ያደረገውን መሬት እኛ ቁልቁል ያየነው ጥቁር ሆኖ ነው። መሪያችን ስክሪኑን በጣቱ ከፈት ዘጋ እያደረገ ብዙ ቆየ። የሚያውቃቸው የውኃ ጉድጓዶችና መንደሮች ካርታው ላይ የሉም። ስማቸውን ይጠራል፣ ጓደኛዬ ይጽፋል፤ አጻጻፉን ሲያሳስት ልጁ ደግሞ ያስጠራዋል።

ስንመለስ አቧራው ተነሳ። ከኮፈኑ ወዲያ የሚታይ ነገር ጠፋ፤ መሪያችንም አቅጣጫውን የሚይዝበት ተራራ አጣ። ያን ጊዜ ታብሌቱ ባለውለታችን ሆነ። የሄድንበትን እየቀዳ ስለነበር፣ የራሳችንን መስመር በየሜትሩ ተከትለን በግራሮቹ በኩል ወጣን። "ግራ፣ ትንሽ ግራ፣ እንደዚያ" ይላል ጓደኛዬ ከኋላ፤ ልጁ መስኮቱን ከፍቶ የጎማ ፈለጋችንን መሬት ላይ ያረጋግጣል፤ ሹፌራችን ሁለቱንም እየሰሙ ይነዳሉ። ያንን ሰዓት ከኤርታሌ ጭስ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ሰመራ ስንደርስ፣ በማግስቱ የሚወጡ ሌሎች ተጓዦች መስመራችንን ለመኑን። ጓደኛዬ ፋይሉን ከመላኩ በፊት ስሙ ላይ ቀኑን ጻፈበት፤ ሜዳው እርጥብ መሆኑን፣ ዞሮ ማለፊያውን፣ ማን እንዳየውና ማን እንደነገረን ጨመረ። ሹፌራችን ደግሞ የእነሱን ሹፌር ክንድ ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት።

"የሐሙስ ወሬ ነው" ሲሉት ሰማሁ። "ደጋው እንደገና ከዘነበ አትመነው። መሪህንም ከፊት አስቀምጠው።"