ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ጋራዤ ውስጥ ከመፍቻዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ ፒስተን አለ። የላይኛው ጠርዙ በአንድ በኩል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቦታ ላይ፣ እሳት እንደነካው ሰም ቀልጦ ወርዷል። የመጀመሪያው ፋሻ የሚቀመጥበት ቦይ እዚያ ጋ ሲደርስ ይጠፋል።

መኪናው የ1994 ቶዮታ ሱፕራ ነው። ሞተሩ ቱ ጄ ዜድ የሚባለው ባለ ሦስት ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር። ብሎኩ ብረት ስለሆነ ብዙ ጉልበት ይችላል ተብሎ ዓለም ያወቀው ሞተር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ ከፋብሪካ 320 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነበር የሚወጣው። እኔ ወደ 600 ላደርሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ከደሞዜ እየቆረጥኩ ሠራሁት። ሁለቱን ትንንሽ ቱርቦዎች አውጥቼ አንድ ትልቅ አስገባሁ፣ ኢንጄክተሮቹን ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሩንም ቀየርኩ። ተራው የነዳጅ ፓምፑ ሲሆን ገንዘቡም ትዕግሥቱም አልቆብኝ ነበር። ካርቶኑ ላይ «255 ሊትር በሰዓት» ይላል። የሚያስፈልገኝ 220 ነው። ገዛሁ፣ ገጠምኩ፣ ተኛሁ።

ሞተሩ የሞተው በሐምሌ ሙቀት፣ በአራተኛ ማርሽ፣ ቱርቦው ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ሳለ ነው። ድምፁ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልቆየም። በመስታወት ሳይ ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ።

ይህን የምጽፈው እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ቱርቦ መኪና የሚሠሩ ልጆቻችን ስለበዙ ነው። «የትኛውን ፓምፕ ልግዛ?» ይሉኛል። የፓምፕ ስም ብቻ ነግሬ ብሸኛቸው፣ እኔ የሠራሁትን ስህተት ለእነሱ ማውረሴ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ግራም ገደማ ነዳጅ ይጠጣል። ስድስት መቶ ፈረስ ማለት 162 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 0.74 ኪሎ ስለሚመዝን በሰዓት 220 ሊትር ይመጣል። መጠባበቂያ ሃያ በመቶ ሲጨመርበት 265 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው አለ፦ ዳይኖ በሚባለው መለኪያ ላይ የሚነበበው ጉልበት ጎማው ላይ የደረሰው ነው። ነዳጅ የሚጠጣው ግን ሞተሩ ነው፤ ማርሹና ዲፈረንሻሉ መንገድ ላይ የበሉትንም ጨምሮ። ጎማው ላይ 600 ያገኘ ሰው ሞተሩ 700 አካባቢ እየሠራ ነው። በ600 ካሰላ ገና ከመነሻው ጎድሎበታል።

የእኔ ሞተር ሞት ግን ከዚህ አልመጣም፤ ከግፊት ነው የመጣው። ኢንጄክተር ነዳጅ የሚረጨው ቱርቦው አየር ጨምቆ በሞላበት ማኒፎልድ ውስጥ ነው። ያ አየር 1.6 ባር ከሆነ ነዳጁን በ1.6 ባር ወደ ኋላ ይገፋዋል። ለዚህ ነው የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር በአንዲት ቀጭን ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር የሚያያዘው፤ ቱርቦው አንድ ባር በጨመረ ቁጥር እሱም የነዳጁን መስመር በአንድ ባር ያሳድጋል። መነሻው 3 ባር የነበረው መስመር እኔ ቤንዚን ስረግጥ 4.6 ይደርሳል። ፓምፕ ደግሞ እንደ ተሸካሚ ነው፤ ዳገቱ በበረታ ቁጥር የሚያደርሰው ያንሳል። ካርቶኑ ላይ ያለው 255 የተለካው በሜዳው ላይ፣ በ3 ባር አካባቢና ጥሩ ቮልት እየተሰጠው ነው። ሞተሩ አብዝቶ በሚጠማበት ሰዓት ፓምፑ አብዝቶ ይደክማል፤ ይህን ማንም በካርቶን ላይ አይጽፍልህም።

ይህን ያሳዩኝ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ አባት ናቸው። የቀለጠውን ፒስተን በእጃቸው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ የለካኸው ነዳጁን ነው ወይስ ካርቶኑን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ጄሪካን አዘጋጅ» አሉኝ።

ሞተሩ ወርዶ ስለነበር የኢንጄክተሮቹን መስመር ከነሬጉሌተሩ ከኮፈኑ ስር በሽቦ አንጠልጥለን አሰርነው። ኢንጄክተሮቹ ዝግ ስለሆኑ ፓምፑ የሚገፋው ነዳጅ ሁሉ በመመለሻው ቱቦ ይወጣል። ቱቦውን አርዝመን ከቤት ውጭ፣ ከባትሪው ርቆ፣ መስመር የተሰመረበት ጄሪካን ውስጥ ከተትነው። የእሳት ማጥፊያው አጠገቤ ነበር፤ ይህን ያለ እሳት ማጥፊያና በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ካለ እባካችሁ ይቅርበት። ባትሪው ላይ ትልቅ ቻርጀር ሰካን። ከዚያ ጋሼ የብስክሌት ጎማ መንፊያ አወጡና በሬጉሌተሩ ቀጭን ጫፍ ላይ አሰሩት። «ቱርቦህ ይኸውልህ» ብለው 1.6 ባር እስኪያሳይ ነፉት። የነዳጁ ጌጅ ወደ 4.6 ወጣ። የፓምፑ ድምፅ ሲለወጥ ይሰማኛል፤ ያቃስታል። በሰላሳ ሰከንድ ጄሪካኑ ውስጥ የገባው አንድ ሊትር ከ450 ሚሊ ሊትር ነበር።

በ120 ሲባዛ 174 ሊትር በሰዓት።

ያ ነዳጅ ከ480 ፈረስ አያልፍም። እኔ 600 እየጠየቅኩት ነበር። የጎደለውን አየር ሞላው፤ ትርፍ አየር ያለበት ቃጠሎ ደግሞ ሙቀቱ ይበረታል፣ ያለ ሰዓቱም ይፈነዳል። ፒስተኑን የላጨው ያ ነው።

ጋሼ ግን በዚህ አላቆሙም። ቴስተሩን ባትሪው ራስ ላይ አደረጉ፦ 13.9 ቮልት። ወደ ኋላ ሄደው ፓምፑ እየሠራ ሶኬቱ ላይ ለኩ፦ 11.6። ከሁለት ቮልት በላይ በሠላሳ ዓመት ሽቦና አረንጓዴ በጣለ ማያያዣ ውስጥ እየቀረ ነው። ሱፕራ ላይ ቶዮታ ራሱ መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ ለፓምፑ የሚሰጠውን ቮልት የሚቀንስ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጧል፤ ፓምፑ እንዳይጮህና ነዳጁን እንዳያሞቅ ነው። ለፋብሪካው ፓምፕ የሚበቃው ያ መስመር ለትልቅ ፓምፕ ጠባብ ነው። ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በፊውዝ በኩል በቀጥታ ወስደን፣ በሪሌ አድርገን፣ መሬቱንም ከሻንሲው ላይ ፍቀን አዲስ አሰርን። እንደገና ለካን፦ 13.5 ቮልት፣ አንድ ሊትር ከ750። ይህም 210 ሊትር በሰዓት ማለት ነው። ሽቦ ብቻ በመቀየር 36 ሊትር! ያም ሆኖ ለ220 አልበቃም፤ መጠባበቂያውማ አይታሰብም።

ስለዚህ የትኛው ፓምፕ ለሚለው፦ የሚያስፈልጋችሁን ሊትር፣ በእናንተ ግፊት፣ በእናንተ ሶኬት ላይ ባለው ቮልት የሚሰጠውን። ታዋቂዎቹ ሠሪዎች፣ ዋልብሮም በሉት ኤኢኤም ወይም ዲችወርክስ፣ ፓምፖቻቸው በየግፊቱ ስንት ሊትር እንደሚሰጡ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ከካርቶኑ በፊት ያንን ሰንጠረዥ ክፈቱ፤ ጣታችሁን ከፍተኛው ግፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ አንብቡ። አስመስለው የተሠሩ ፓምፖችም በገበያው ሞልተዋል። ከውጭ ሲታዩ መለየት ያስቸግራል፤ ጄሪካኑ ግን ይለያቸዋል።

እኔ በመጨረሻ በ450 ሊትር ደረጃ የሚጠራ አንድ ትልቅ ፓምፕ የነዳጅ ሳልባትዮው ውስጥ አስገባሁ። ሁለት መካከለኛ ፓምፖች አድርግ፣ ሁለተኛው ቱርቦው ሲነሳ ብቻ ይብራ ያሉኝ ነበሩ። ብዙ ሰው እንዲህ ይሠራል፤ ለትልልቅ ጉልበት ግድ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እኔ ግን እፈራዋለሁ። አንድ ፓምፕ ብቻ ያለው መኪና ፓምፑ ሲሞት ይቆማል፤ በተጎታች ቤትህ ትገባለህ። ሁለት ካሉት ግን ሁለተኛው ቢሞት ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅህም። የምታውቀው ቤንዚኑን የረገጥክ ቀን ነው። ሁለት የሚገጥም ሰው የነዳጅ ግፊት ሴንሰር ሳያስገባ ከቤቱ ባይወጣ እመክራለሁ።

ትልቅ ፓምፕም የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ቀሪው ሁሉ በመመለሻው መስመር ወደ ሳልባትዮው መመለስ አለበት። የእኔ መመለሻ ቀጭን ስለነበር 3 ባር ላይ ላስተካክለው ብታገልም ጌጁ ከ3.7 አልወርድም አለ። ሬጉሌተሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ መውጫው ግን ጠባብ ነው። መመለሻውን በወፍራም ቱቦ ስቀይር ዕለቱን ተስተካከለ። የሚዞረው ነዳጅ ደግሞ እየሞቀ ይመጣል። በሐምሌ ከሩብ ታንክ በታች መንዳት የተውኩት ለዚህ ነው፤ መኪናው ሲወነጨፍም ነዳጁ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፓምፑ አየር ይስባል።

ኤታኖል የሚበዛበትን ኢ85 የምታስቡ፣ ከቤንዚን ይልቅ በሊትር 35 በመቶ ያህል ተጨማሪ አስሉ፤ የእኔ 220 ወደ 300 ይጠጋል፣ ከነመጠባበቂያው ከ350 ያልፋል። ፓምፑም ለኤታኖል የተሠራ ይሁን። እዚህ አሜሪካ ማደያ ላይ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው የኤታኖል መጠኑ ከ51 እስከ 83 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ስሌቱን ለከፋው ቀን ሥሩት።

አዲስ አበባ ላሉ ወንድሞቼ ደግሞ አንድ ነገር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቱርቦው ጌጅ ላይ ያንኑ 1.6 ባር ቢያሳይም የሚገባው አየር ከእኛው ያነሰ ነው፤ ጉልበቱም፣ የሚፈለገው ነዳጅም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፓምፑ የሚታገለው ግፊት ግን አይቀንስለትም። በቀለለው አየር ውስጥ የሞቀ ቤንዚን ቶሎ ስለሚተንም ከሳልባትዮው ውጭ የሚገጠም ፓምፕ ከሆነ ከታንኩ ዝቅ ብሎ፣ ቅርብ ሆኖ፣ ነዳጁ በራሱ ወደ እሱ እየወረደ ይቀመጥ። የውጭ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም።

ሱፕራው ዛሬ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ የነዳጁን ግፊት ከቱርቦው ግፊት ጋር እያነጻጸረ፣ 0.4 ባር ከጎደለ ሞተሩን እንዲቆርጥ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ልጅ አዲስ የገዛውን ፓምፕ ከነካርቶኑ ይዞልኝ መጥቶ «ጋሼ፣ ይበቃኛል?» አለኝ። ፒስተኑን አውርጄ በእጁ ሰጠሁት፤ ቅዳሜ ጠዋት ጄሪካን ይዞ እንዲመጣም ነገርኩት።