በሳምንቱ የመጣው ቶማስ

እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኤምሬትስ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለነበር፣ አቡ ዳቢ ሙሽሪፍ ሰፈር የሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት በምእመን የሚጨናነቁት ዓርብ ነበር። በ2022 ዕረፍቱ ወደ ቅዳሜና እሑድ ተዛወረ። በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ግን ዕረፍት ማለት ማዳም የፈቀደችላት ቀን ነው።

አንዲት እህታችን ከአል ዐይን መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ትመጣለች፣ ነጠላዋን በፌስታል ይዛ። «ጸሎቴ የሚሰማ አይመስለኝም፤ ስቀር ደግሞ ሳምንቱ አይገፋልኝም» አለችኝ።

ምን ይባላል? ሐዋርያው ቶማስ ትዝ አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያነሣበት ጥርጣሬውን ነው፤ እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነው። የጌታን መነሣት ካላየሁ አላምንም ብሎም ከወንድሞቹ አልተለየም፤ ጌታ በስምንተኛው ቀን ዳግም ሲመጣ ከመካከላቸው ተገኘ። ያመነ መስሎ አልነበረም የተቀመጠው፤ እንደተጠራጠረ ነበር። ጌታም አላሳፈረውም፣ ቁስሉን አሳየው እንጂ።

ይህንኑ ነገርኳት። «እሱስ ወንድሞቹ አጠገቡ ነበሩ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የክርስትና ስሟን ተቀብያታለሁ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ካልፈቀዱላት ለጸሎት እሰጥላታለሁ።