ቲዩቡ ምን በደለ

ዛሬ ስትቀባበሉት የዋላችሁትን ፎቶ አይቼዋለሁ። ያ ብርቱካናማ መብራት ያለው ትንሽ ቲዩብ ፕሪአምፕ፣ ከሥሩ «ዲጂታል ጆሮ መውጋቱ አበቃ» የሚል ጽሑፍ። ያምራል። የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ሰው እጅ ማሞቂያም ይሆነዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ከነቬንትሌተሩ መግዛት ነው። ቀልዱን እንተወውና፣ ቲዩብ ድምፅ ያለሰልሳል መባሉ ውሸት አይደለም። ግን መጀመሪያ የሚወጋን ምኑ እንደሆነ እንወቅ፤ ዲጂታልነቱ ነው ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው።

ሲዲ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድምፅን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በ16 ቢት ይመዘግባል። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የኢትዮፒክስ አልበሞች የተሰሙት በዚሁ ሲዲ ነው። የማህሙድን «ኧረ መላ መላ» ከዚያ ሰምቶ ጆሮዬን ወጋኝ ያለ ማን ነው? እኛ ፍላሽ ላይ አስጭነን የምንሰማው 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ግን የሲዲውን መረጃ አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ብቻ ነው የያዘው። እሱም ከሌላ ኤምፒስሪ ላይ እንደገና የተጨመቀ ከሆነ በየዙሩ እየተሸረፈ ነው የመጣው። ጮክ እንዲል ተብሎ እስከ ጣሪያ ሲገፋ ደግሞ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል። ይህን ሁሉ ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ውስጥ አስተጋቡት። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛው «ዲጂታል» ሆነ!

ካሴት ገልባጮች ግን እንዴት ናችሁ? ሽሽታውን እናጥፋ ብላችሁ የመሰንቆውን ጭራ ፍትጊያም አብራችሁ ጠረጋችሁት፤ የቀረው ኪቦርድ የሚመስል ነገር ነው። የወሎ ዘፈን እንጉርጉሮው መሃል ሲደርስ «ሰብስክራይብ አድርጉ!» ብሎ መጮህ ከየት የመጣ ድፍረት ነው? ከኮምቦልቻ ወርዳችሁ የምትደርሱባትን የባቲን ስም የያዘ ቅኝት «ምርጥ ትዝታ» ብሎ መለጠፍስ? ለዚህ ቲዩብ አልተሠራለትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። መሰንቆው በሴኮንድ 300 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ቢያወጣ፣ ቀላል የነጠላ ቲዩብ ሰርኪዩት 600ዋን ጥቂት ይጨምርባታል። ይህች ያችው ድምፅ ናት፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብላ፤ በየትኛውም ቅኝት ከቅኝቱ አትወጣም። ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ግን በብዛት የሚወልደው 900ዋንና ከዚያ በላይ ያሉ ጎደሎ ብዜቶችን ነው። 900ዋ የላይኛዋ አምስተኛ ናት፤ በአምባሰል ከአምስቱ ድምፆች የሁለቱ አምስተኛ ከቅኝቱ ውጭ ይወድቃል። እንግዲህ የእኛ ሙዚቃ በቲዩብ ሲያልፍ ደስ ቢል አይገርመኝም። ነገር ግን ቲዩቡ 600ዋን ጨመረ እንጂ 900ዋን አላስወገደም፤ የተቆረጠውን ጫፍም አልቀጠለም። ያልበሰለ ሽሮ ላይ ቅቤ ቢፈስበት፣ ቅቤ ያለው ጥሬ ሽሮ ነው።

«ጆሮዬ ለውጡን ሰምቷል» የሚል ይመጣል። ሰምቶ ይሆናል። ግን ድምፅ በጥቂቱ ከፍ ሲል ሁሉም ነገር የተሻለ ይመስላል፣ ፕሪአምፕ ደግሞ ሥራው ከፍ ማድረግ ነው። ቮልዩሙን እኩል አድርጋችሁ አወዳድሩ፤ ትሬብሉን ትንሽ ቀንሳችሁም ሞክሩ፣ እሱ በነፃ ነው። «የጊታር አምፕ እኮ እስከ ዛሬ ቲዩብ ነው» የሚለውም ልክ ነው፤ እዚያ ግን ቲዩቡ ድምፁን ከጊታሪስቱ ጋር አብሮ ይፈጥራል፣ ሳሎን ውስጥ የተፈጠረውን ማድረስ ነው ሥራው። ደግሞ ላሳዝናችሁ፦ በብዙ ርካሽ ፕሪአምፖች ላይ ያ ብርቱካናማ ብርሃን የቲዩቡ ግለት ሳይሆን ከሥሩ የተሰካ ኤልኢዲ ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ግዙ፣ አልከለክልም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጥፋለሁ።

ቤታችሁ የድሮ የወሎ ካሴት ያላችሁ ግን፣ ክሩ ሳይበላሽ በ16 ቢት ዋቭ ገልብጡት። ድምፅ ማጽጃውን አጥፉት። መሃል ላይም አትጩኹብን።